ባንድ ፊቱ ብቻ የሚዘፍን ሸክላ

በኤፕሪል 2024 አንድ ጉደኛ ሸክላ ገበያ ላይ ዋለ። (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራው።) ፒንክ ፍሎይድ የተባለው የእንግሊዝ ሮክ ባንድ፣ አንድ ሸክላ ላይ ሳይጨናነቅ የሚገባውን የ43 ደቂቃ አልበሙን በሁለት ሸክላ አድርጎ ሸጠው። ሸክላዎቹ ጥቁር አይደሉም፤ ወዲያ ማዶውን የሚያሳዩ፣ ጥርት ያሉ ናቸው። የሚዘፍኑት ደግሞ ባንድ ፊታቸው ብቻ ነው። በሌላኛው ፊት መርፌው የሚሄድበት ቦይ የሚባል ነገር የለም፤ በቦዩ ፈንታ ሥዕል ታትሞበታል። መርፌ ብታሳርፉበት ሥዕሉን ከመቧጨር በቀር የምታተርፉት ነገር የለም።

ይሄ የአልበሙ ሃምሳኛ ዓመት ድግስ ማሳረጊያ ነበር። ድግሱ የተጀመረው ከዚያ ቀደም ብሎ በማርች 2023 ሲሆን፣ ያኔ የወጣው ትልቅ ሳጥን 300 ዶላር ገደማ ያስከፍል ነበር። «ስልኬ ላይ ያለ ዘፈን ነው፤ ሰዉ ምን ነካው?» የምትሉ ወዳጆቼ ብዙ ናችሁ፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። መልሱን ግን በአንድ ቃል ልጨርሰው አልችልም፤ ምክንያቱም ታሪኩ ይጣፍጣል። አንዱን ነገር ብቻ ከወዲሁ ያዙልኝ። ዘፈኑ ቀድሞውንም አላችሁ። ድጋሚ የታተመ ሸክላ ስትገዙ ገንዘባችሁ የሚከፍለው ከመጀመሪያው ቴፕ ተነሥቶ እናንተ መርፌ ድረስ ለሚመጣው መንገድ ነው። መንገዱ አጭርና ንጹሕ ከሆነ ዋጋ አለው። የቀረው ሁሉ ጌጥ ነው።

አልበሙ «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን» ይባላል፤ እኛ ለአጭሩ «ዳርክ ሳይድ» እንበለው። የወጣው በማርች 1973 ነው። የሠሩት አራት ሰዎች ናቸው፦ ቤዝ የሚጫወተውና ግጥሞቹን በሙሉ የጻፈው ሮጀር ዋተርስ፣ ጊታሪስቱ ዴቪድ ጊልሞር፣ ኪቦርድ ላይ ሪቻርድ ራይት፣ ድራም ላይ ኒክ ሜሰን። ባንዱን መጀመሪያ ይመራ የነበረው ሲድ ባሬት የሚባል ተሰጥኦው የሚያስገርም ወጣት ነበር፤ አእምሮው ታውኮ በ1968 ተለያቸው። ነገሩ ከጓደኞቹ ልብ አልወጣም። አልበሙ ስለ ጊዜ፣ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ሞትና ስለ እብደት የሚያወራው ያለ ምክንያት አይደለም።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፣ ሥራው የበሰለው ስቱዲዮ ውስጥ አለመሆኑን ነው። ገና ሳይቀዳ፣ በ1972 መጀመሪያ ላይ ብራይተን ከተማ ወስደው ለሕዝብ ተጫወቱት፤ መሣሪያው ተበላሽቶባቸው መሀል መንገድ ላይ አቋረጡት። ከዚያ በኋላም መድረክ ለመድረክ እያዞሩ፣ ያልጣመውን እየጣሉ፣ የጎደለውን እየሞሉ ወራት ቆዩ። ለንደን ወዳለው አቢ ሮድ ስቱዲዮ ሲገቡ ምን እንደሚፈልጉ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። የድምፅ መሐንዲሱ አለን ፓርሰንስ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ የነበረ ልጅ ነው፤ ከዚያ በፊት እዚያው ቤት ውስጥ ቢትልስ ሲቀዱ በረዳትነት ሠርቷል።

አሁን ከአልበሙ አንዲት ደቂቃ እንኳ የማትሞላ ቁራጭ አውጥቼ ላሳያችሁ። ሁለተኛው ፊት የሚከፈተው «መኒ» በሚለው ዘፈን ነው። ገና ሙዚቃው ሳይጀምር የሳንቲም ቅጭልጭልታ፣ የወረቀት መቀደድ፣ የሱቅ ሒሳብ ማሽን ጩኸት ምት ጠብቆ ይመጣል። ዛሬ ይህን አንድ ተማሪ ላፕቶፑ ላይ ሻይ ሳይቀዘቅዝበት ይሠራዋል። ያኔ ግን ዋተርስ፣ ሚስቱ ጭቃ የምታቦካበት ትልቅ ጎድጓዳ ዕቃ ውስጥ ሳንቲም እየወረወረ ቀዳው። ድምፆቹ ቴፕ ላይ ከሰፈሩ በኋላ ቴፑ በማስመሪያ እየተለካ እኩል እኩል ተቆረጠ። ሰባቱ ቁራጮች ተቀጣጥለው፣ የመጨረሻው ጫፍ ከመጀመሪያው ጋር ተጣብቆ ክብ ሆነ። ክቡ ረጅም ስለነበር የቴፕ ማጫወቻው ብቻውን አልቻለውም፤ ማይክሮፎን ማቆሚያ ላይ ዞሮ እንዲመለስ ተደረገ።

ለምን ሰባት? ዘፈኑ የሚሄደው በሰባት ምት ስለሆነ ነው። አብዛኛው የሮክ ዘፈን አራት እየቆጠረ ሲሄድ ይሄኛው ሰባት ይቆጥራል። በእግራችሁ መሬቱን እየመታችሁ ሞክሩት፤ ካልተጠነቀቃችሁ በሁለተኛው ዙር ላይ ትስታላችሁ። የሳክስፎኑ ሶሎ በሰባቱ ላይ እንዳለ ያልፋል፤ ጊልሞር ጊታሩን ሲያስጮህ ግን ባንዱ በሙሉ ወደ አራት ይመለሳል፤ ሰውነታችሁ ለምን እንደሆነ ሳያውቅ ዘና የሚለው እዚያ ላይ ነው። እኔ ይህችን መሸጋገሪያ ስንት ጊዜ ብሰማት አልጠግባትም።

ሌላም አለ። «ታይም» የሚባለው ዘፈን መግቢያ ላይ የሚያንባርቁት ሰዓቶች፣ ፓርሰንስ አሮጌ ሰዓት የሚሸጥበት ሱቅ ገብቶ አንድ በአንድ ቀድቶ ያመጣቸው ናቸው። በዘፈኖቹ መሀል እየመጡ የሚያወሩት ሰዎች ደግሞ ተዋንያን አይደሉም። ዋተርስ ካርድ ላይ ጥያቄዎች ጽፎ ስቱዲዮው ውስጥ ያገኘውን ሰው ሁሉ ማይክሮፎን ፊት እያስቀመጠ ጠየቀ። የቢትልሱ ፖል ማካርትኒም ተጠይቆ ነበር፤ መልሱ በጣም ተጠንቅቆ የተናገረው ስለሆነ ተጣለ። አልበሙን የሚዘጋው ድምፅ የማን ቢሆን ጥሩ ነው? የስቱዲዮው በር ጠባቂ፣ የአይሪሹ ጄሪ ኦድሪስኮል። የቢትልሱ ኮከብ ወጥቶ በር ጠባቂው ገባ! ይህን ምርጫ ያደረጉ ሰዎች ጆሯቸውን እንጂ ስም እንዳልተከተሉ ያሳየኛል።

የክሌር ቶሪ ታሪክ ደግሞ ወደ ድጋሚ ሕትመቱ የሚያስገባን በር ነው። የመጀመሪያው ፊት ማለቂያ ላይ ያለው «ዘ ግሬት ጊግ ኢን ዘ ስካይ» የራይት ፒያኖ ሥራ ነበር፤ የሆነ ነገር ጎደለው። በጃንዋሪ 1973 አንድ እሑድ ማታ ክሌር ቶሪ የምትባል ወጣት ድምፃዊት ተጠርታ መጣች። ግጥም አልነበረም፤ ዜማ አልነበረም። ስለ ሞት እንደሆነ ተነግሯት «እንግዲህ እንዳሻሽ» ተባለች። እሷም ድምፅዋን እንደ አንድ የሙዚቃ መሣሪያ ቆጥራ ለቀቀችው፤ ጮኸች፣ አነባች፣ ለመነች፣ በመጨረሻም በለሆሳስ ተወችው። ጥቂት ጊዜ ከቀዳች በኋላ 30 ፓውንድ ተከፍሏት ወደ ቤቷ ሄደች። ድምፅዋ አልበሙ ውስጥ መግባቱን ያወቀችው ሸክላ ቤት ውስጥ ስሟን ሽፋኑ ላይ ስታይ ነው።

በ2004 ባንዱንና አሳታሚውን ከሰሰች፤ ያንን ዜማ የፈጠርኩት እኔ ነኝ አለች። በ2005 ከፍርድ ቤት ውጭ ተስማሙ። ከዚያ ወዲህ በታተሙት ላይ የዘፈኑ ደራሲ ራይት ብቻ አይደለም፤ ቶሪም አብራ ተጽፋለች። በ1973ቱ ሸክላ ላይ ይህ የለም። ቤታችሁ ሸክላ ያለው ሰው ካለ መሀሉ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አንብቡ፤ ከስምምነቱ በፊት ይሁን በኋላ የታተመ መሆኑን በዚያ ታውቃላችሁ። ድጋሚ ሕትመት አንዳንዴ የቆየ ዕዳ ይከፍላል።

ይህ ዘፈን የተቀመጠበት ቦታ ግን የሸክላውን ቦይ ለሚቆርጡ መሐንዲሶች ራስ ምታት ነው። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ስለ ቦዩ ትንሽ እናውራ።

ሸክላ ላይ ያለው ቦይ፣ እንጀራ ሲጋገር ሊጡ ከዳር ተጀምሮ እየዞረ ወደ መሀል እንደሚገባው ነው። ብዙ ክብ ክብ መስመር ይምሰላችሁ እንጂ ቦዩ አንድ ብቻ ነው፤ ቢዘረጋ ግማሽ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ሸክላው በደቂቃ 33 ዙር ከሲሶ ይዞራል፤ ዳሩ ላይም ሆነ መሀሉ ላይ አንዱ ዙር የሚፈጀው ጊዜ ያው 1.8 ሴኮንድ ነው። የዳሩ ክብ ግን ትልቅ ነው፣ የመሀሉ ትንሽ። ስለዚህ መርፌው ዳር ላይ ሳለ በሴኮንድ 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ቦይ ይጓዛል፤ መሀል ሲደርስ ግን 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ። የአንድ ሴኮንድ ድምፅ ከግማሽ በታች በሆነ ቦታ ላይ መጠቅጠቅ አለበት ማለት ነው። በዚህ ጥቅጥቅ ውስጥ በጣም የሚጎዳው ቀጭንና ከፍ ያለ ድምፅ ነው፤ ይሻክራል፣ ይሰነጣጠቃል።

እንግዲህ አስቡት፤ የአልበሙን እጅግ ከፍ ያለውን የሴት ድምፅ ያስቀመጡት የመጀመሪያው ፊት መጨረሻ ላይ ነው። ደግነቱ ያ ፊት 19 ደቂቃ ገደማ ብቻ ስለሆነ ቆራጩ መሐንዲስ ቦዩን እስከ ውስጥ ድረስ መግፋት የለበትም፤ ያም ሆኖ ጨዋታው ጠባብ ነው። የአልበሙን ሁለት ልዩ ልዩ ሕትመቶች ማወዳደር ስትፈልጉ ጊዜያችሁን መግቢያው ላይ አታጥፉ። መርፌውን በቀጥታ የመጀመሪያው ፊት የመጨረሻ ዘፈን ላይ አሳርፉና ቶሪ ድምፅዋን ከፍ ስታደርግ ስሙ። ጥሩ የተቆረጠ ሸክላ ላይ አንጀት የሚበላ ሰው ትሰማላችሁ፤ መጥፎው ላይ የተሰነጠቀ ድምፅ ማጉያ። ከዚህ የተሻለ ፈተና አላውቅም።

ወፍራሙ ድምፅ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ቤዝ ቦዩን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሰፋ አድርጎ ያወዛውዘዋል፤ እንዳለ ቢቀረጽ ሸክላው ቦታ ያልቅበታል፣ መርፌውም ይዘላል። ስለዚህ ሲቆረጥ ወፍራሙ ይቀነሳል፣ ቀጭኑ ይጨመራል፤ ማጫወቻው ጋ ሲደርስ ደግሞ በዚያው ልክ ተገልብጦ ይመለሳል። ከ1954 ጀምሮ የአሜሪካ የሸክላ አምራቾች በአንድ ልኬት ተስማምተውበት ዓለም ሁሉ ተከትሎታል። ማጫወቻችሁን በተራ መሰኪያ ብትሰኩት ድምፁ ቤዝ አልባና ጩኸታም የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። አልበሙን የሚከፍተውና የሚዘጋው የልብ ምትም ጆሯችሁ የሚደርሰው በዚህ መንገድ ነው፤ መጀመሪያ ተቀንሶ፣ ኋላ ተመልሶ።

ወደ መንገዱ እንመለስ። መነሻው ማስተር ቴፕ ነው። የእኛ አገር አልበሞች ሽፋን ላይ «ሚክሲንግና ማስተሪንግ» የሚል ታያላችሁ አይደል? ሁለቱ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ልዩነቱን ማወቅ ገንዘብ ያድናል። ሚክሲንግ ማለት ለየብቻ የተቀዱትን ድራም፣ ጊታርና ድምፅ መጥኖ ማዋሐድ ነው። ማስተሪንግ ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ የተዋሐደው በሙሉ ይጠራል፣ ይመዘናል፣ ለሸክላ ወይም ለሲዲ ይዘጋጃል። እሽጉ ላይ «ሪሚክስ» ካያችሁ አልበሙ ተበትኖ እንደገና ተዋሕዷል ማለት ነው፤ የቢትልስ «ሳርጀንት ፔፐር» ሃምሳ ዓመት ሲሞላው በ2017 የሆነው እንዲህ ነው፤ የሠራውም የመጀመሪያው ፕሮዲውሰር የጆርጅ ማርቲን ልጅ ጃይልስ ማርቲን ነበር። «ሪማስተር» ካያችሁ ግን ውሕደቱ ያው የድሮው ነው። የ2023ቱ ዳርክ ሳይድ በግራና በቀኝ የምንሰማው መደበኛው ቅጂ ሪማስተር ነው። አዲስ የተዋሐደው ድምፁ ከላይ፣ ከፊትና ከኋላ የሚመጣበት አትሞስ የተባለው ቅጂ ነው፤ እሱ ደግሞ ሸክላ ላይ አይገባም።

ከማስተሩ በኋላ መቁረጫው ይመጣል። የአሉሚኒየም ክብ ላከር በተባለ ለስላሳ ቅብ ይቀባና የሰንፔር ጫፍ ያለው መቁረጫ ላከሩን እየፋቀ ቦዩን ያወጣል። ላከሩ ላይ ብር ይረጫል፤ ከዚያ በኤሌክትሪክ ኒኬል ይለበጣል። ኒኬሉ ሲላቀቅ ቦዩ ተገልብጦ፣ ጉድጓዱ ጉብታ ሆኖ ይገኛል። የሙያው ሰዎች ይህን አባት ይሉታል፤ ከአባቱ እናት፣ ከእናቱ ማኅተም ይወጣል። ማኅተሙ በእንፋሎት የጋለ መጭመቂያ ላይ ሆኖ የለሰለሰውን ፕላስቲክ ሲጫነው በግማሽ ደቂቃ ገደማ አንድ ሸክላ ይወለዳል። አንድ ማኅተም ሺህ ገደማ ሸክላ ካተመ በኋላ ስለሚዳከም በሌላ ይተካል። በአንድ ዓመት የወጡ ሁለት ሸክላዎች ድምፃቸው ሊለያይ የሚችለው አንዱ ገና ከአዲስ ማኅተም፣ ሌላው ከደከመው ስለመጡ ሊሆን ይችላል።

ይህ ሰንሰለት ምን ያህል ቀጭን እንደሆነ በፌብሩዋሪ 2020 ታየ። ካሊፎርኒያ ባኒንግ ከተማ የነበረው አፖሎ ማስተርስ የተባለ ፋብሪካ ተቃጠለ። ከዚያ በኋላ ዓለም ሁሉ የሚቆርጥበትን ላከር በብዛት የሚያመርት አንድ የጃፓን ድርጅት ብቻ ቀረ። በማተሚያው በኩልም ተመሳሳይ ነው፤ ከሁሉ ትልቁ ማተሚያ ያለው ቼክ ሪፐብሊክ ውስጥ ሎዴኒትሴ በምትባል መንደር ነው። ሌላው ዓለም ሲዲ መጣ ብሎ መጭመቂያዎቹን ለቁራሌው ሲሸጥ እነሱ በኮሚኒስት ዘመን የነበሯቸውን ማሽኖች ሳይጥሉ አቆዩ። ሸክላ ሲመለስ የዓለም ሥራ ወደ እነሱ ጎረፈ። መመለሱ ደግሞ የዋዛ አይደለም፤ አሜሪካ ውስጥ በ2022 የተሸጠው ሸክላ 41 ሚሊዮን ሲሆን ሲዲ 33 ሚሊዮን ነበር።

አሁን ሳጥኑን እንክፈተው። ዳርክ ሳይድ ከ1973 እስከ 1988 ድረስ በአሜሪካው የቢልቦርድ ሰንጠረዥ ላይ 741 ሳምንት ቆይቷል፤ አንደኛ የሆነው ግን ለአንድ ሳምንት ብቻ ነው። በዓለም ዙሪያ ከ45 ሚሊዮን በላይ እንደተሸጠ ይገመታል። እንዲህ ያለ ላም የያዘ ድርጅት በየአሥር ዓመቱ ባያልባት ነበር የሚገርመው። በ2003 ለሠላሳኛ ዓመቱ የድምፅ መሐንዲሱ ጄምስ ጋትሪ ለአምስት ድምፅ ማጉያ አዋሐደው፤ የመጀመሪያው መሐንዲስ ፓርሰንስ ግን አልተጠራም። በ2011 በወጣው ትልቅ ሳጥን ውስጥ ከሲዲዎቹ ጋር የአንገት ልብስ፣ የብርጭቆ ማስቀመጫና ብይ ነበረ። አዎ፣ ልጆች መሬት ላይ የሚጫወቱበት ብይ። እስካሁን ድረስ ብዩ ምን ሊያደርግ እንደገባ አጥጋቢ ማብራሪያ አልሰማሁም።

በ2016 ነጠላው ሸክላ በጋትሪ፣ በጆኤል ፕላንትና በበርኒ ግሩንድማን እጅ ተዘጋጅቶ ወጣ። የ2023ቱ ሳጥን ደግሞ ሪማስተሩን በሸክላና በሲዲ፣ አትሞሱን በብሉ ሬይ፣ በ1974 ዌምብሌይ ላይ የተጫወቱትን ኮንሰርት፣ የፎቶግራፍ መጽሐፍ፣ ሁለት ትናንሽ ሸክላዎችና የቆየ የጥሪ ወረቀት ቅጂ ይዞ መጣ። የዌምብሌዩ ኮንሰርት ከ2011ዱ ሳጥን ጋር ወጥቶ ስለነበር «አንዱን ነገር ስንት ጊዜ እንግዛ?» የሚል ማጉረምረም ተነሣ። አትሞሱን ብቻ የፈለገ ሰው ሳጥኑን በሙሉ መግዛት ነበረበት፤ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ለየብቻ ሲሸጥ ደግሞ ቀድመው የገዙት ምን እንደተሰማቸው መገመት አያዳግትም።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ እኔን ያሳቀኝ የጥሪ ወረቀቱ ነው። አልበሙ በ1973 ለጋዜጠኞች የተዋወቀው በለንደኑ ፕላኔታሪየም ነበር። ድምፁ በዙሪያ እንዲመጣ ታስቦ የነበረው ቅጂ አልደረሰም፤ ባንዱ በድምፅ ጥራቱ ተናዶ ቀረ፤ ከራይት በቀር ማንም አልመጣም። በቦታቸው ምን ቆመ? በቁመታቸው ልክ የተቆረጠ የካርቶን ምስላቸው። እንግዲህ ሃምሳ ዓመት ቆይቶ፣ ከባንዱ ሦስቱ ያልተገኙበት ዝግጅት የጥሪ ወረቀት ተባዝቶ በውድ ሳጥን ውስጥ ይሸጣል!

ሽፋኑን ሳላነሣ ካለፍኩ ወዳጅነታችን ያልቃል። ጥቁሩ መደብ፣ ፕሪዝሙ፣ ገብቶ ተበትኖ የሚወጣው ብርሃን የሂፕኖሲስ ሥራ ነው፤ ስቶርም ቶርገርሰንና ኦብሪ ፓወል የመሠረቱት የዲዛይን ቤት። የሳለው ጆርጅ ሃርዲ ነው። ቀለማቱን ቁጠሯቸው፤ ስድስት ናቸው። ቀስተ ደመና ሰባት ነው ብላችሁ የተማራችሁ ብትኖሩ ኢንዲጎ ተዘሏል። የብርሃኑ መስመር በሽፋኑ ውስጠኛ ክፍል የልብ ምት ሆኖ ይቀጥላል። ይህ ሥዕል 30 በ30 ሴንቲ ሜትር ቦታ ያስፈልገዋል፤ ስልክ ላይ ያለችው ጥፍር የምታክል ምስል አትበቃውም። ይህ ሸክላ ለመግዛት በቂ ምክንያት ነው የሚለኝ ሰው ቢኖር አልከራከረውም።

ይልቅ የምከራከረው «ከመጀመሪያው ቴፕ በቀጥታ» በሚለው ማስታወቂያ ላይ ነው። በ2022 ሞባይል ፊደሊቲ የተባለው፣ ዳርክ ሳይድንም በ1979 በልዩ ጥራት አሳትሞ የነበረው የአሜሪካ ድርጅት ጉድ ወጣበት። ገዢዎቹ ቴፕ ለላከር፣ መሀል ላይ ኮምፒውተር የለም ብለው ነበር የሚያምኑት፤ ድርጅቱ ግን ለዓመታት ብዙዎቹን ሸክላዎች በዲጂታል ቅጂ በኩል ሲቆርጥ ኖሯል። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ ለገዢዎች ካሳ ተከፈለ። ነገሩ የሚያስቀው፣ «ዲጂታል ድምፅ ወዲያው ይለየኛል» እያሉ ሲምሉ የነበሩ ሰዎች እነዚያኑ ሸክላዎች እያወደሱ መኖራቸው ነው። እኔ ከዚህ የተማርኩት፣ መሀል ላይ ኮምፒውተር መኖሩ ሳይሆን ቆራጩ ማን ነው የሚለው ጥያቄ የበለጠ እንደሚጠቅም ነው። «180 ግራም ሸክላ» የሚለው ማስታወቂያም እንዲሁ ነው፤ ከባድ ሸክላ በቀላሉ አይጣመም፣ እጅ ላይም ደስ ይላል፤ ክብደቱ ብቻውን ግን ድምፅ አያሳምርም።

ድጋሚ ሕትመት ሁሉ ንግድ ብቻ ነው ብዬ እንዳላጠላባችሁ አንድ የእኛን ልጥቀስ። ሙዚቀኛው ኃይሉ መርጊያ በ1985 በካሴት ያወጣውን ሥራ አንድ አሜሪካዊ ካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር ላይ አግኝቶ በ2013 በሸክላ አሳተመው። ኃይሉ በዚያን ጊዜ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ይነዳ ነበር፤ ሸክላው ዳግመኛ ዓለም አቀፍ መድረክ ላይ አወጣው። እዚህ ላይ ድጋሚ ሕትመቱ የጠፋ ነገር መለሰ። ፒንክ ፍሎይዶች ግን የጠፋባቸው ነገር አልነበረም፤ በ2024 የተቀዱ ሥራዎቻቸውን መብት ለሶኒ ሲሸጡ ዋጋው ወደ 400 ሚሊዮን ዶላር እንደሚጠጋ ተዘግቧል።

ታዲያ ምን ይገዛ? ሳጥኑን ተዉት፤ መጽሐፉን ካልወደዳችሁ በቀር አብዛኛው መደርደሪያ ላይ የሚቀር ነው። ባንድ ፊቱ የሚዘፍነውም ለግድግዳ እንጂ ለጆሮ አልተሠራም። የ1973ቱ የእንግሊዝ የመጀመሪያ ሕትመት፣ መሀሉ ላይ ሙሉ ሰማያዊ ሦስት ማዕዘን ያለበት፣ ድንቅ ነው፤ ሰብሳቢዎች ስለሚሻሙበት ግን ዋጋው አይቀመስም። ለመስማት ብቻ የምትፈልጉ ከሆነ ተራውን ነጠላ ሸክላ፣ የ2016ቱን ወይም የ2023ቱን ግዙ፤ ያው የጋትሪ እጅ ያረፈበት ነው፤ ዋጋውም ከሳጥኑ ጋር አይወዳደርም። ስታመጡት የመጀመሪያውን ፊት የመጨረሻ ዘፈን አስቀድማችሁ ሞክሩ፤ ከተሰነጣጠቀ መልሱት። መርፌያችሁ ካረጀ ግን ሸክላውን አትውቀሱ፤ መጀመሪያ አዲስ መርፌ ግዙ።